የታጠበው ድንች

ድንች አይታጠብም። ድስት ሊገባ የተዘጋጀ ድንች ይታጠብ፣ ማን ከለከለ። ጓዳ ገብቶ ለወራት ሊቀመጥ የታሰበ ድንች ግን ከነአፈሩ ይገባል እንጂ አይታጠብም፤ በመኪና ብሩሽማ ጭራሽ አይታሰብም። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ መጠየቅ ይበቃል። "እህቴ፣ ይሄን ነገር ልጠበው እንዴ?" ማለት ብቻ። ይቺን ጥያቄ ያልጠየቀው ሰው በሰፈሩ ዘንድ ደግ ተባለ፤ እኔ ምስጋና ቢስ ተባልኩ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

በቤቱ ውስጥ ሦስት ነን፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። ቤቱ የእናቴ ነው። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ቀን ቀን ሱቅ ውስጥ እሰፋለሁ፣ ጠዋትና ማታ እናቴን አያለሁ። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ ካልሲዋን የማጠልቅላት፣ መድኃኒቷን የማስታውሳት፣ ገላዋን ስትታጠብ ክንዷን የምይዛት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። በዚህ ቤት ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይታወቅ ብዬ ነው።

ወንድሜ ሹፌር ነው፣ የራሱ ሚኒባስ አለው። ጠዋት ያጥበዋል፣ ማታ ያጥበዋል፣ ዝናብ መትቶት ሲገባ እንኳን "የዝናብ ውሃ ያቆሽሻል" ብሎ ያጥበዋል። ጎረቤት "ልጅሽ መቼ ነው የሚያገባው?" ብሎ እናቴን ሲጠይቃት "እሱማ አግብቷል፣ ሙሽሪት ውጭ ቆማለች" ትላለች።

ከቤቱ ጀርባ ጓሮ አለን። በጎን በኩል መኪና የሚያሳልፍ መግቢያ አለው፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ዕቃ የምናስቀምጥባት የቆርቆሮ ክፍል። የቀረው መሬት የእኔ ነበር። የእኔ ስል በወረቀት አይደለም፤ ድንጋዩን የለቀምኩት፣ ፍጉን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ወንድሜ ግን ጓሮውን አርማታ አስሞልቶ ሚኒባሱን እዚያ ማሳደር ይፈልጋል። መንገድ ላይ ሲያድር አንዴ መስታወቱን ነቅለውበታል፣ አንዴ ጎኑን በሚስማር ጭረውበታል። ችግሩ ችግር ነው፣ አልክድም። የእሱ ችግር መፍትሔ ሁልጊዜ እኔ ላይ ለምን እንደሚያርፍ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። እምቢ ሲባል ደግሞ አንዲት ዘፈን አለችው፦ "እንግዲያው ወጥቼ ቤት እከራያለሁ።" ይህችን ሲዘፍን የእናቴ ፊት አመድ ይመስላል።

አንድ እሑድ ጭቅጭቃችን አንገሸገሻትና እናቴ ዳኛ ሆና ተቀመጠች።

"ስሙኝ ሁለታችሁም" አለች። "ጓሮው የሚያበላን ከሆነ ጓሮ ይሁን፣ የማያበላን ከሆነ ለመኪናው ይሁን። አንቺ ድንችሽን ትከዪ። ያወጣሽው እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ጓዳችንን ከቻለ መሬቱን ማንም አይነካብሽም። ከዚያ በፊት ድንች ከገበያ ከገዛን ግን አርማታው ይፈሳል። ቃሌ ቃል ነው።"

"እኔ ተስማምቻለሁ" አለ ወንድሜ እየሳቀ። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! የእሷዋ ደግሞ ጭራሽ ከመሬት በታች ናት።"

እኔም ተስማማሁ። ሞኝ ስለሆንኩ አይደለም፣ ድንቼን ስለማውቅ ነው። ቶሎ የሚደርስ ድንች አለ፤ ቆዳው ስስ ነው፣ ዛሬ ቆፍረውት ነገ ይበሉታል፣ ጓዳ ውስጥ ግን አይበረክትም። ዘግይቶ የሚደርስ ደግሞ አለ። እሱ ትዕግሥት ይጨርሳል። ቅጠሉ ያብባል፣ አበባው ይረግፋል፣ ጎረቤት "አልደረሰም እንዴ?" እያለ ያደርቅሃል፤ እሱ ግን አፈር ውስጥ ተኝቶ እየወፈረ ነው። በደንብ ከወጣ ጨለማና ደረቅ ቦታ ላይ ወራት ይቀመጣል። የተከልኩት እሱን ነው።

ቦይ አወጣሁ፣ ፍግ አነጠፍኩ፣ ዘሩን ጉንቁሉ ወደ ላይ እንዲያይ አድርጌ ደረደርኩ። ብቅ ሲል አፈር አስታቀፍኩት፣ ሲያድግ ደግሜ አስታቀፍኩት፤ ድንች ፀሐይ ካየ ይበላሻልና ከአፈሩ ወጣ ያለውን ሁሉ ሸፈንኩት። ይህን ሁሉ የሠራሁት ከሱቅ ስመለስ፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ በዋልኩበት ወገቤ ነው። ወንድሜ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመኪናው ቀና ብሎ አንድ ነገር አልጠየቀኝም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብቻ በአጥሩ ላይ አንገቱን ለሚያሰግገው ለጎረቤታችን ለፀጉር አስተካካዩ "ድንቹ አረፈ፣ ነፍስ ይማር" ሲል ሰማሁት። አልሞተም። እንደዚያ ነው የሚደርሰው።

አገዳውን ከሥሩ ቆርጬ አነሳሁ፤ ድንቹን ግን መሬት ውስጥ ተውኩት። አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አፈር ውስጥ ካልቆየ ቆዳው አይጠነክርም። በአውራ ጣት ሲያሹት ቆዳው እየተላጠ ከመጣ ገና ነው፣ እምቢ ካለ ደርሷል። ታዲያ በዚያው ሰሞን የምሰፋበት የመጋረጃ ቤት ባለቤት ሌላ ከተማ የአንድ አዲስ ሆቴል መጋረጃ ለመስቀል ይዛኝ ልትሄድ ሆነ። ሳምንት ያስቀራል። ከመሄዴ በፊት እራት ላይ በግልጽ ተናገርኩ።

"ድንቹ አይነካ። ቆዳው ይጠንክር። ስመለስ ራሴ አወጣዋለሁ።"

"እሺ ልጄ" አለች እናቴ። ወንድሜ ስለ ፍሬን በስልክ እያወራ ነበር፤ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ። እኔ ሰምቶኛል ብዬ ሄድኩ።

ስመለስ ገና ከመግቢያው መሬቱ ረጥቦ አገኘሁት፣ የሳሙና ሽታ ሸተተኝ። ጓሮው ሲደርሱበት የጦር ሜዳ ነው፤ ጉድጓድ በጉድጓድ። ድንቼ ደግሞ በቆርቆሮው ክፍል ጣሪያ ላይ፣ በተነጠፈ ፕላስቲክ ላይ፣ በአጥሩ ጥግ ሁሉ ተዘርግቶ በፀሐይ ያብረቀርቃል። እውነቴን ነው፣ ያብረቀርቃል! የሚኒባሱን ጎማ በሚፈትግበት ብሩሽ ፈትጎታል። ገና ያልጠነከረው ቆዳ በየቦታው ተልጦ ሥጋው ታየኝ።

"መጣች! መጣች!" አለ ወንድሜ፣ ሚኒባሱን የሚያጥብበትን የውሃ ጎማ እንደያዘ። "በይ ተመልከቺ! በሄድሽ ማግስት ሥራ ፈትቼ ቆፈርኩት። ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ እያስመታሁት ነው። አንዲት ጭቃ ብታገኚበት ምላሴን በሚስማር ምቺው!"

ፀጉር አስተካካዩ ከአጥሩ ማዶ አጨበጨበ። "እህቴ፣ ወንድም ማለት ይሄ ነው። እኔ እህት ቢኖረኝ እንዲህ ማድረጌን እንጃ!"

"ጋሼ" አልኩት ወንድሜን፣ "አትንኩት ብዬ አልነበር?"

"አንቺ እንዳትደክሚ ብዬ እኮ ነው።"

"ማን ደከመኝ አለህ? አልጠነከረም እኮ! ውሃ ነክቶት፣ ቆዳው ተልጦ፣ ሳምንት ፀሐይ ላይ ውሎ እንዴት ብሎ ይቀመጣል? ይሄ መኪና ነው እንዴ?"

"ኧረ አታካብጂ" አለ፣ ፊቱ ጠቆረ። "ለሰው መልካም ሠርቶ…"

እናቴ በዱላዋ ተደግፋ ወጣች። እጆቹን አየች፤ ውሃ አብዝተው ተላልጠዋል። "እይው እስቲ እጁን" አለችኝ። "ወገቡ እስኪቀነጠስ ሲለፋልሽ ሰንብቶ፣ ገና ሳትቀመጪ እንዲህ ትጮኺበታለሽ? አመስግኚው።"

"እማዬ፣ ድንቹ…"

"አመስግኚው አልኩሽ።"

ጎረቤት ያያል። እናቴ በዱላዋ ቆማ ትጠብቃለች። "አመሰግናለሁ" አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተገድጄ ሠርቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ተዋርጄ አላውቅም።

ሆን ብሎ አድርጎት ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ክፉ ሰው ይሰደባል፣ ይከሰሳል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ደግን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ዓይኖቹን ደጋግሜ አየኋቸው፤ ተንኮል የለባቸውም። እውነትም ረድቶኝ ነው የመሰለው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት ይህን የመሰለ ሰው አይተው መሆን አለበት። ንፍጡን ተለቅልቆ ፊቱን የሚጠርገው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያውም አመሰግናለሁ እያለ።

ከጣሪያው አውርጄ ለየሁት። በአካፋ የተወጋው ለብቻ፣ መሽተት የጀመረው ለብቻ። ጣሪያው አልበቃው ብሎ ውሃው ሳይደርቅለት በፕላስቲክ በርሜል የሞላው የሚከረፋ ዝልግልግ ሆኗል፤ አውጥቼ ቀበርኩት። ፀሐይ ላይ የሰነበተው ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። የደህናው ክምር ከሁሉም ያንስ ነበር።

"አረንጓዴው አይበላም፣ ይመራል፣ ሆድም ያማል" አልኳቸው።

"ሰላጣስ አረንጓዴ አይደለም እንዴ?" አለ ወንድሜ። ተነሥቶ ራሱ ቀቀለው፣ ጨው ነሰነሰበትና ዓይን ዓይኔን እያየ ሰሃኑን ጨረሰው። በማግስቱ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ዋለ፤ ባለቤቱ ሆዱን ይዞ ከመፀዳጃ ቤት አልወጣም። እናቴ "ትናንት የጠጣው ወተት ነው" አለች። ላሚቱም በዚህ ቤት ጥፋተኛ ሆነች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

የደህናውን ክምር ቆጥቤ ቆጥቤ አበላሁ። ሾርባው ውስጥ ሁለት በነበረበት አንድ አደረግሁ፣ የእኔን ድርሻ ለእናቴ ገለበጥኩ። ግን የተላጠ ቆዳ የት ይሄዳል? በየቀኑ አንዱ ይለሰልሳል፣ ጎረቤቱን ያበላሻል። ዝናቡ ገና ሩቅ ሳለ አለቀ። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ እናቴ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ በፌስታል ድንች አስቀምጣለች። ከገበያ የተገዛ ነው። ቀና ብላ አላየችኝም። ወንድሜ ጨዋነት መስሎት ፊቱን አዞረ። ቀስ ብሎ ወጣና ጓሮውን በሜትር መለካት ጀመረ።

"እማዬ፣ ይሄ ፍርድ ነው?" አልኳት።

"ቃሌ ቃል ነው። ከቻለን ብዬ ነበር፣ አልቻለንም።"

"ማን አበላሸው? በሩጫው መሃል ጠልፎ የጣለኝን ሰው አሸናፊ ታደርጊዋለሽ?"

"እሱ ክፉ አላሰበም።"

"አሰበ አላልኩም! አጠበ ነው ያልኩት! እሱ ያጠፋውን እኔ ለምን እከፍላለሁ?"

"ጩኸትሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል" አለች። በዚህ ቤት የእኔ ጩኸት ይሰማል፤ እኔ ግን አልሰማም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። አረንጓዴዎቹን ድንቾች ግን አልጣልኳቸውም። ለአፍ የማይሆን አረንጓዴ ድንች ለዘር የሚያህለው የለም፤ ፀሐይ ያጠነከረው ጉንቁል አጭርና ወፍራም ነው፣ ሲተከል አይሰበርም። በጠፍጣፋ ሣጥን ደርድሬ መኝታ ክፍሌ መስኮት ሥር አስቀመጥኳቸው። ጊዜያቸውን ጠብቀው አጎነቆሉ። ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው፣ ደንደን ያሉ። የመትከያው መሬት ብቻ ነው የጠፋው።

ለመጋረጃ ቤቱ ባለቤት ይህንኑ አጫወትኳት። "ከሱቁ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ምን ይሠራልኛል፣ ትከዪው" አለችኝ። "አጠገቡ ያለው ክፍልም ባዶ ነው፣ ከፈለግሽ ግቢበት።" ሳቅሁ። "የእናቴን ቤት ትቼ?" አልኳት። ያን ዕለት ከልቤ ነበር የሳቅሁት። ለድንቹ ማረፊያ አገኘሁለት፣ እኔማ ማረፊያ አለኝ ብዬ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አሸዋና ጠጠሩ መጣ። ሠራተኞች ገቡ። የሠራሁትን መደብ በዶማ ደለደሉት፣ ፍግ ያጠጣሁትን ጥቁር አፈር በጋሪ አውጥተው ደጅ ደፉት፣ አርማታውን አፈሰሱና እንደ ጠረጴዛ አለሰለሱት። ወንድሜ መግቢያው ላይ ቆሞ "ማንም እንዳይረግጥ!" እያለ ይቆጣጠራል። እኔ ኩሽና ውስጥ የእናቴን እግር ሞቅ ባለ ውሃ እያሸሁ ነበር። ጉልበቷ ሲብስባት እንዲህ አደርግላታለሁ።

አጎንብሼ ሳሽ ፀጉሬን ደባበሰችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

"ተቀይመሻል" አለችኝ።

"አዎ።"

"እኔ እኮ አላጣሁትም። ድንቹን ያበላሸው እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ሲያጥበው አይቻለሁ፤ አትንኩ ማለትሽንም አልረሳሁም።"

"ታዲያ ለምን ለእሱ ፈረድሽ?"

"እሱ ካልሆነለት ይወጣል ልጄ፣ ታውቂው የለ። እንዲያ ነው ጠባዩ። አንቺ…" ፈገግ አለች፤ ማመስገኗ ነበር፤ "አንቺ ብትከፊም የትም አትሄጂም። አንቺማ የቤቴ ምሰሶ ነሽ።"

እግዜር ያሳያችሁ! የሚያስፈራራ ይሾማል፣ የሚታገሥ ይቀማል። ያን ሁሉ ዓመት ካልሲ ማጥለቄ፣ ማልቀስ ሲያምረኝ መሳቄ፣ ከሱቅ በቀጥታ ቤት መግባቴ በእናቴ ሚዛን ላይ ተመዝኖ አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፦ ይቺ ብትረገጥም ችግር የለም። ወንድሜ አላወቀም እንበል። እሷ ግን አውቃ ነው። በድንቹ የተናደድኩት ንዴት በዚህኛው ፊት ጨዋታ ነበር።

እግሯን በፎጣ አደረቅኩ። ካልሲዋን አጠለቅኩላት። የማታውን መድኃኒት ከውሃ ጋር አጠገቧ አስቀመጥኩ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ፣ የድንቹን ሣጥን አነሣሁና በጓሮው በር ወጣሁ።

"ወዴት ነው?" አለች እናቴ ከኋላዬ። "አንቺ ልጅ! ሻንጣው ምንድነው?"

"ልሄድ ነው እማዬ።"

በግድግዳው ጥግ ለሰው ማለፊያ ጣውላ ተነጥፎ ነበር። አየሁት። ከዚያም በእርጥቡ አርማታ መሃል ለመሃል ሄድኩ። ጫማዬ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ።

"ምን ነካሽ! አብደሻል እንዴ!" ወንድሜ ከመግቢያው ጮኸ። "አሁን እኮ ነው የተለሰነው! ኧረ ውጪ ከዚያ ላይ!"

አልቸኮልኩም። ጉንቁሉ እንዳይሰበር ሣጥኑን ደረቴ ላይ ደግፌ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው። አጠገቡ ስደርስ ሻንጣውን አየ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያሉትን ኮቴዎች አየ፣ ከዚያ ዱላዋን ይዛ በሩ ላይ የቆመችውን እናታችንን አየ። ቀለሙ ተለወጠ።

"ቆይ፣ ቆይ እንጂ" አለኝ፣ አሁን ድምፁን ቀንሶ። "የምርሽን ነው? ጠዋት ማን ያነሣታል? መድኃኒቷንስ? እኔ እኮ በሌሊት ነው የምወጣው። እማዬን ማን ይርዳት?"

"አንተ ነህ የምትረዳት፣ ጋሼ" አልኩት። "መርዳት ታውቅበት የለ? ግን እሷን ከመንካትህ በፊት ጠይቃት።"

አልፌው ወጣሁ። እናቴ በስሜ ስትጠራኝ ሰማኋት፣ አንዴም ሁለቴም፤ እያለቀስኩ ነበርና ዞሬ አላየኋትም።